ነጭ ክር ለሰው፣ ቀይ ክር ለዶሮ

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ የትከሻህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጆንያ አትንካ ቢሉህ እምቢ እያልክ ነው? ባለቤትህስ? ልጆችህስ? የልጆችህን ነገር እንኳ ለወጉ ያህል ጠየቅኩ እንጂ ደህና እንደሆኑ አልጠራጠርም። ባለፈው ስመጣ ሦስቱም በር አክለው ነው ያገኘኋቸው፤ ዐይን አይግባባቸው።

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ይላል። እኔ ናፍቆቱ ቀርቶልኝ ሌላው ሁሉ አለብኝ። ተቀይማ ነው ትል ይሆናል። አዎ፣ ተቀይሜ ነው። ግን እንደ ድሮው ኩርፊያ አይደለም፤ ከረሜላ ገዝተህ የምታልፈው አይደለም።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትስቅ ነው። አንተ ስትስቅ እኔም ሳላስበው አብሬህ እስቃለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ደብዳቤ ላይ ግን ብቻህን ነህ። እንደ ልማድህ ሰው እንዳያይህ የቢሮህን በር ከውስጥ ቆልፈህ፣ ጣትህን ከመስመሩ ሥር እየጎተትክ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ እንደምታነበው አውቃለሁ። እያሾፍኩብህ አይደለም። አንተ ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል የተውከው እኔ እንድማር ነው። አልረሳሁትም፤ ይህን ለመጻፍ አምስት ሳምንት የፈጀብኝም እሱ ነው። ደብዳቤውን የሰጠህ ሰውዬ ደጅ ይቆያል፣ ስለ እሱ አታስብ። ቀስ ብለህ አንብበው።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅህ "እህቴ አንጀት ታጥባለች" እያልክ እንደምታስቅብኝ ሰምቻለሁ። ይሁን። ዛሬ ግን አንዴ በወጉ ላስረዳህ፣ ከዚህ በኋላ የምለው እንዲገባህ።

የሰው የአንጀት ሕዋስ በጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ አሳድጋለሁ። እንደ ገላ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣቸውና በየሁለት ቀኑ አሮጌውን ቀይ ፈሳሽ መጥጬ አዲስ እሰጣቸዋለሁ። ቅዳሜ የለም፣ እሁድ የለም፤ እንደ ታላቢ ላም ናቸው፣ ዛሬ አሞኛል ብትላቸው አይሰሙም። ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ትከሻ ለትከሻ ተጋጥመው እንደ አንጀት ግድግዳ አንድ ንጣፍ ይሆናሉ። ያን ጊዜ የሻገተ እህል ውስጥ የሚገኘውን መርዝ በጥቂት በጥቂቱ እሰጣቸዋለሁ። አፍላቶክሲን የሚባለውን በሬዲዮ ሰምተህ ይሆናል። እሱ ብቻውን አይደለም፣ ወንድሞች አሉት።

መርዝ ስልህ እዚያው ክንብል የሚያደርግ እንዳይመስልህ። በምንሰጣቸው መጠን ሕዋሶቹ አይሞቱም። በማጉያ መነጽር ብታያቸው ምንም የሆኑ አይመስሉም። ነገሩ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሥራው ሁሉ ትእዛዝ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዘረ መል የምንለው እሱን ነው። ግን ሁሉም ትእዛዝ ሁልጊዜ አይነበብም። የትኛው እንደሚነበብ፣ የትኛው ተዘግቶ እንደሚቆይ የሚወስኑ ምልክቶች ላዩ ላይ አሉ። አባባ ደህናውን ከተበላሸው ለመለየት ጆንያ ላይ ይሰፋ የነበረውን ክር አስብ። ነጭ ክር ለሰው፣ ቀይ ክር ለዶሮ። ክሩ ውስጥ ያለውን አይለውጠውም፣ መሄጃውን ግን ይወስናል። እኔ የማጠናው መርዝም እንደዚያ ነው፤ ጽሑፉን ሳይነካ ክሩን ይቀይራል።

ከጎረቤትህ ጋር ተጣበቅ፣ ክፍተት አትተው የሚለው ትእዛዝ ይዘጋል። እሳት ተነስቷል፣ ድረሱ የሚለው ደግሞ ምንም ሳይነሳ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል። የበሉት ገላ ላይ አይደርስም። ልጅ ከሆነ መብላቱን ይበላል፣ አያድግም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝልህ፤ መጀመሪያ የኔን፣ ያንተ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሥራ ማወዳደሪያ ይፈልጋል። ለአንዱ ጠርሙስ መርዝ ካለበት ዱቄት የወጣ ጭማቂ፣ ለሌላው ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ዱቄት የወጣ ጭማቂ ትሰጥና ሁለቱን ታመዛዝናለህ። ንጹሑ ዱቄት ታሽጎ ነበር የሚመጣልን። አለቀ። አዲሱ ዘገየ። ሕዋሶቹ ደግሞ ሦስት ሳምንታቸውን ሞልተው ቁጭ ብለዋል፣ ነገ አይሉህም። እኔ የወፍጮ ቤት ልጅ ለዱቄት የሰው ደጅ ልጠና ነው? ብዬ ተኩራራሁ። ከቤቴ አንድ ኩባያ ይዤ መጣሁ፣ አንተ ከምትልክልኝ።

አለቃችንን በሌለበት ጓንት እንለዋለን፤ ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለንም። እሱም ዱቄቱ ተመርምሯል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን አልኩ መሰለህ? ወንድሜ የፈጨው ነው፣ ከዚህ የጸዳ ዱቄት ከየትም አይመጣም አልኩት። ሌላ ዱቄት ቢሆን እኔው ነበርኩ ሳይመረመር አይነካም ብዬ የምጮኸው። ያንተን ማስመርመር ግን አንተን እንደ ሌባ ኪስህን መፈተሽ መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ ማልኩልህ፣ ወንድም ጋሼ።

ውጤቱ መጣ። መርዝ የሰጠናቸውና ንጹሑን የሰጠናቸው ሕዋሶች አንድ ሆነው ተገኙ። ተጣበቅ የሚለው ትእዛዝ በሁለቱም ተዘግቷል፣ የእሳቱ ጩኸት በሁለቱም ተከፍቷል። ጓንት ጠርሙስ አምታትተሻል አለኝ። ደገምኩት። አሁንም ያው። ሦስተኛ ደገምኩት፣ በየጠርሙሱ ላይ በትልቁ እየጻፍኩ፣ እንደ ጀማሪ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። ያው። ልጅሽ ታማለች፣ ልብሽ እዚህ የለም አለኝና ከሕዋስ ሥራው አንስቶ ጠርሙስ አጣቢ አደረገኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈብኝ። ልብሽ እዚህ የለም ማለቱ ግን ውሸት አልነበረም።

ለልጄ ቁንጥሬ ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ። ስትወለድ አይደለም፤ ስትወለድማ ድንቡሽቡሽ ነበረች፣ አዋላጇ እንኳ ይቺ ምን በልታ መጣች ብላ ስቃለች። ሁለት ዓመት ካለፋት በኋላ ነው አይተሃት "ይቺ እኮ ልጅ ሳትሆን ቁንጥር ናት" ያልከው። እኛም ስቀን ተቀበልነው። አሁን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሁለት ዓመት ተኩሏ የገዛሁላት ሱሪ ዛሬም ልክክ ይላታል። ሆዷ አንድ ሳምንት ይሻላታል፣ አንድ ሳምንት ይብስባታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ካርዷ ላይ ያለውን መስመር በጣቷ ተከትላ ወደ ታች ወረደችና፣ ቀና ብላ አይታኝ፣ በእርግጥ ታበያታለሽ ወይ አለችኝ። ለእናት የሚጠየቅ ነው ይሄ? አማቴ ደግሞ መጠየቅም አላስፈለጋት፤ እናትየዋ ወዝታ ልጅቷ የከሳችው ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው እያለች ጎረቤት ለጎረቤት አዞረችኝ። ባሌ ዝም አለ። ከእናቱ አፍ የሱ ዝምታ ባሰብኝ።

እና ምን አደረግኩ? በቀን አንዴ የነበረውን ገንፎዋን ሦስት ጊዜ አደረግኩት። ካንተ ዱቄት። አንጀቴን ስትበላኝ አንድ ማንኪያ እጨምርላታለሁ። አልፈልግም ስትል አጎትሽ የላከልሽ ነው እኮ እያልኩ አባብላታለሁ። ያንተን ስም ስትሰማ አፏን ትከፍታለች።

ጠርሙስ ሲያጥቡ ለማሰብ ጊዜ አለ። ሁለት ሳምንት ሳጥብ ሳስብ ከረምኩና አንድ ጠዋት ከጆንያው ላይ ዘግኜ፣ ናሙና ሠላሳ አንድ ብዬ ጽፌ፣ ከሌሎቹ ጋር ለመለኪያ ማሽኑ ሰጠሁት። ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ወጣ። ጓንት ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ይሄ ከየት የመጣ ነው አለኝ። ከገበያ አልኩት። ለባሌም፣ ለአባባም ዋሽቼ የማላውቅ ሴት ላንተ ስል ዋሸሁ። የዚያኑ ዕለት ከሌላ ቦታ ዱቄት ገዝቼ ገባሁ፣ ያንተን ግን መጣል አቃተኝ። ጥጉ ላይ ቆመ።

የደወልኩልህ በማግስቱ ነው። የዘንድሮው በቆሎ እንዴት ነው፣ ዝናብ አልነካውም ወይ ብዬ ዙሪያውን ስዞር ገባህና ሳቅክ። አንቺ ደግሞ ሳይንስሽን ይዘሽ! አባባ ይሄንኑ በልቶ ሰማንያ ደፍኗል፣ ሻጋታ እሳት ሲያይ ይሞታል አልከኝ። ሻጋታውማ ይሞታል። መርዙ ነው የማይሞተው። ብትቀቅለው አለ፣ ብትቆላው አለ። እሱን ልነግርህ አፌን ስከፍት አንተ የምሥራች ጀመርክ። የከተማው መዋዕለ ሕፃናት ቁርስ ካንተ ወፍጮ ሊሆን ነው፤ አራት መቶ ሕፃን፣ የሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሰኞ ይጀመራል። ተቆጣጣሪ ቢመጣስ አልኩህ፣ እንደ ቀልድ። ያንን የምታውቀውን ወግህን ደገምክልኝ፤ ቢሮ አስገባዋለሁ፣ ሻይ አስቀርብለታለሁ፣ ወሬ እጀምርለታለሁ፣ የኔን ወሬ ጥሎ የሚነሳ ማን አለ፣ እሱ እስኪጨርስ ጆንያው በኋላ በር ወጥቶ ዶሮ አርቢው ጎተራ ገብቷል አልክ። እኔም ሳቅኩ። አፈር ልብላ፣ ሳቅኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስንት ምክንያት ፈጠርኩልህ መሰለህ። ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል፣ እህል ለቃሚዎቹ ዘንግተው ይሆናል፣ የወንድሜ ዐይንም ደክሟል፣ አላወቀም ይሆናል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሳምንት ከረምኩና ጆንያውን ልጥለው ብዬ ስገለብጠው አፉ ላይ ዐይኔ አረፈ።

በነጭ ክር ነው የተሰፋው። ሁልጊዜም ነጭ ነው፤ ጫፉን ይዤ እመዘዋለሁ፣ ተርተር ይልልኛል፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። በዚያ ቀን አየሁት። ከነጩ ክር ጎን ሌላ የመርፌ ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል፣ ባዶውን። አንዴ ተሰፍቶ የተፈታ ነው። በሦስቱ ቀዳዳ ውስጥ የጥፍር ቅንጣቢ የምታህል ቀይ ክር ቀርታለች። ቁም ሣጥን ሥር ያጠራቀምኳቸውን ባዶ ጆንያዎች ጎትቼ አወጣሁ። በየመንፈቁ አንድ ስትልክልኝ፣ ቁንጥሬ ከተወለደች ወዲህ ዘጠኝ ናቸው። ሰባቱ ላይ ሁለት ረድፍ ቀዳዳ አለ።

ሰባት ጊዜ፣ ወንድም ጋሼ። ሰባት ጊዜ ቁጭ ብለህ ቀዩን ፈትተህ በነጭ ሰፋህ። ሠራተኛው ነው እንዳትለኝ። አባባ ሲያስተምረን አጠገብህ ነበርኩ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥሮ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በዚያ ቤት ካንተ ሌላ የለም። ባለቤትህ ናት እንዳትለኝ፤ እሷ የጆንያ መርፌ ይዛ አታውቅም።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ጎረምሳ ሳለህ ቀይ ክር አልቆብህ የተበላሸውን በነጭ ሰፍተህ ተገኘህ። አባባ ጆንያውን በሰው ፊት በቢላ ቀዶ ዱቄቱን መንገድ ላይ አፈሰሰው። ክር አለቀብኝ አይባልም፣ እጅ ይታሰራል እንጂ ክር አይሳሳትም አለህ። ሦስት ቀን አላናገረህም፣ እኔ ነበርኩ ምግብ ተደብቄ የማመጣልህ። አባባ ያላወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ እህል ለዶሮውም አይሆንም ነበር። ግን ሰው ሊበላው እንደማይገባ ያውቅ ነበር። አንተም ታውቃለህ። ባታውቅ ኖሮ ቀዩን ለምን ትፈታዋለህ? እኔ እንዳላይ አይደል?

አባባ ሊሞት ሲል እጅህን ይዞ እህትህን ዱቄት እንዳታሳጣት አለህ። እውነትም አላሳጣኸኝም። ዘንድሮ ዝናቡ ከፋ፣ የኔንም ለጊዜው በሌላ አሟይ ብትለኝ ምን እሆን ነበር? ቃልህን አፈረስክ እል ነበር? ቃልህን ለመጠበቅ ብለህ ነው ልጄን ያሳጠርካት? እኔ እንጃ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ልጆችህ ከቀዩ በልተው ያውቃሉ? አንድ ቀን እንኳ?

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለሌላ ሰው የተባለ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።

ጓንት ጋ ሄድኩ። ናሙና ሠላሳ አንድ ከገበያ አይደለም አልኩት፣ ሰባቱን ጆንያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ቀይዋን ክር በጥፍሩ ነካት። ማስጠንቀቂያውን እሰርዘዋለሁ አለኝ። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ለማስጠንቀቂያው አይደለም። ይሄን ለሚመለከተው አካል ከተናገርሽ በኋላ ወንድም አይኖርሽም፣ ገብቶሻል ወይ አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። አልገባኝም ነበር። አሁን እየጻፍኩ ነው እየገባኝ ያለው።

ቁንጥሬ ሌላ ዱቄት ከጀመረች አምስት ሳምንቷ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ መስመሩን በጣቷ ስትከተል ጣቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ሄደ። ትንሽ ነው፣ የስንዴ ቅንጣት ታህላለች። ያለፋትን ሁሉ ትደርስበታለች ወይ አልኳት። ሁሉንም አይመስለኝም አለችኝ፣ አልዋሸችኝም። የተቀየረው ክር አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። የትኛው እንደሚመለስ እኔም አላውቅም፣ ሥራዬ ሆኖ ሳለ። ትናንት ደግሞ የበር እጀታ ለመድረስ እየዘለለች አጎቴ ዱቄት መቼ ነው የሚልክልን አለችኝ።

ደብዳቤዬ ረዘመብህ አይደል? አውቃለሁ። ባንተ አነባበብ ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅ አይቀርም። ሻይ ሳላቀርብልህ ይህን ሁሉ ወሬ ስላስያዝኩህ ይቅር በለኝ፤ ወሬውን የተማርኩት ግን ካንተ ነው። ዓርብ እንዲደርስህ ያደረግኩትም ሰኞ አራት መቶ ማንኪያ ስለሚነሳ ነው። ያ ደጅ ያስቀመጥከው ሰውዬ ተቆጣጣሪ ነው፤ ብቻውንም አልመጣም። የኋላው በር ቁልፍ የት ድንጋይ ሥር እንደሚቀመጥ ደግሞ አባባ ለሁለታችንም ነበር ያሳየን።

እስኪ ጣትህን ከመስመሩ አንሳና አድምጥ። ወፍጮው ዝም ብሎ ከሆነ መብራት የጠፋ እንዳይመስልህ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዳይሆንብኝ ምርቃቴን አሳጥራለሁ። ትከሻህን ይማርልህ። ልጆችህ ይደጉልህ፤ ማንም የናንተ ለምን አጠረ ብሎ አይጠይቅህ። የአባባ አምላክ ለሁለታችንም ይዘንልን።

እህትህ ብዬ ልፈርም ብዕሬን ሁለት ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

የቁንጥሬ እናት